ጋሼ ሽኩርና አልደርቅ ያለው ወለል

የጋሼ ሽኩር ልጅ ሐያት የደወለችልኝ ሥራ ልገባ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ነው። «ሰኒ፣ አባዬ ወደ አኼራ ሄደ» አለችኝ። አንድ እግሬ ላይ ጫማ፣ አንዱ ላይ ካልሲ ብቻ እንዳለ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ንዴት ነበር። ጋሼ ሽኩር ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ታመው ከርመዋል፤ ሞታቸው ዱብ ዕዳ አልነበረም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ባልሠሩት ጥፋት ስማቸው እንደጎደፈ አፈር ሊለብሱ ነው፤ ስማቸውን ያጎደፉት ሰዎች ግን በሰላም ወጥተው ይገባሉ። እንዲያውም አንዳንዶቹ ሹመት አግኝተዋል።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «በአንድ ወለል ይህን ያህል?» ይል ይሆናል። ይበል። እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ነበርኩ።

ጋሼ ሽኩር መቱ ውስጥ የእናቴ የአጥር ጎረቤት ነበሩ። ከስልጤ በወጣትነታቸው ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ልብስ ሊነግዱ መጡ። ወንድማቸው ሲመለሱ እሳቸው ለአንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ሲይዙ ሥራውን ወደውት ቀሩ። ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው ይፈጥናል። ሲናደዱ ግን የሚያጉረመርሙት በስልጥኛ ነው፤ ማንም እንዳይገባውና እንዳይቀየም። ከገበያው ወደ ታች በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ቀለሙ፣ ቫርኒሹ፣ ብሩሹ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሁሉም በየቦታው ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የፈለጉትን ያነሳሉ። ከሥራ ካፖርታቸው ሥር ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳሉ። «ቀለም ቀቢ ነጭ ሸሚዝ ምን ያደርግለታል?» ሲሏቸው፣ «ጠብ ካለብኝ ቸኩዬ ነበር ማለት ነው፤ በዚያ አውቀዋለሁ» ይላሉ።

እንግሊዝኛ አያነቡም። ቁርዓን ይቀራሉ፣ አማርኛ ያነባሉ፣ ጣሳዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ከተቀጠርኩ ወዲህ ያንን ማንበብ የእኔ ድርሻ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት ከአጥሩ ማዶ፣ «ሰናይት! እስቲ ነይ አንብቢልኝ» ይላሉ። ዋና ዋናውን ነግሬያቸው ልሄድ ስል አይለቁኝም።

«ትንንሹንም» ይላሉ። «ትልልቁን የጻፈው ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው። የሚጠቅመኝ ትንንሹ ውስጥ ነው ያለው።»

እርጥብ ግድግዳ ላይ አይቀባ፣ ብርድ ላይ አይቀመጥ፣ ከዚህ ወር በኋላ አይሠራበት። ሁሉንም አንዴ ሰምተው በቃላቸው ይይዙታል። ከዓመት በኋላ እኔ የረሳሁትን መልሰው ይነግሩኛል።

ኢፖክሲ የሚባለው ነገር ወደ እኛ አገር ሲመጣ መቱ ውስጥ በትክክል የተማሩት እሳቸው ነበሩ። ሁለት ጣሳ ነው፤ አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። ለየብቻቸው ዓመት ቢቀመጡ ፈሳሽ ናቸው። በተባለው ልክ ሲቀላቀሉ ግን እርስ በርስ ተያይዘው ድንጋይ ይሆናሉ። እንደ ቀለም ንፋስ አያደርቀውም። ማጠንከሪያው ካነሰ ወይም ከበዛ፣ ወይም የሌላ ሙጫ ማጠንከሪያ ከሆነ፣ ዕድሜ ልክ ቢጠበቅ አይጠነክርም፤ እንደ ማር እየተለጠፈ ይኖራል። ጋሼ ሽኩር መጠንከሩን የሚፈትኑት በአውራ ጣታቸው ነው። ይጫኑትና ጎንበስ ብለው ከብርሃን አንጻር ያዩታል። አሻራቸው ከቀረ «ገና ነው» ይላሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ኬክ ቤት የዋንዛ ባንኮ አሠርቶ ኢፖክሲ እንዲያፈሱበት ጠራቸው። በሦስተኛው ቀን ሄደው ሲጫኑት ሁሉም ጠንክሯል፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ መዳፍ የምታክል ቦታ ጣታቸውን ያዝ አደረገች። ባለቤቱ አላየም። የስኳር ዕቃ ቢያስቀምጡባት የሚያውቅ የለም። ጋሼ ሽኩር ግን ጠሩትና፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ኬክ እየበላ፣ «ይህቺ የእኔ ጥፋት ናት» አሉት። «የመጨረሻውን ያንጠፈጠፍኩት እዚህ ላይ ነው። ባልዲው ጎን ላይ ተጣብቆ የቀረው በደንብ አልተቀላቀለም ነበር። ነገ መጥቼ እሠራታለሁ።» እኔ ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ አፍሬላቸው አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ማፈር የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም። ጥፋታቸው ሲሆን እንዲህ ነበሩ።

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከመቱ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ በምትርቅ የወረዳ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ነዋሪዎቿ ምንም አላጠፉም። ምጥ የጠናባቸው እናቶች ቀዶ ጥገና ካስፈለጋቸው የሚላኩት ወደ መቱ ነበር። ክረምት ላይ ያ መንገድ ምን እንደሚሆን የሄደበት ያውቀዋል። ስለዚህ እዚያው የቀዶ ጥገና ክፍል ሊሠራልን ነው ሲባል እልል አልን። ወለሉ ኢፖክሲ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሴራሚክ ከሆነ በየመገጣጠሚያው ደም ይገባል፣ ለማጽዳት ያስቸግራል። ተቋራጩ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ ጋሼ ሽኩርን አገኘ። ውሉ ላይ «የወለል ባለሙያ» ተብሎ ስማቸው ገባ።

ዕቃው የመጣ ቀን ሊነበብላቸው ስለሚገባ ከላብራቶሪ ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ። የሙጫው ጣሳዎች ላይ ወረቀቱ አለ። የማጠንከሪያው ጣሳዎች ላይ ግን ወረቀቱ ተልጧል፤ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጥቶ ይታያል። ጋሼ ሽኩር አንዱን አንስተው አገላበጡት።

«ይሄን ማነው የላጠው?» አሉ።

የተቋራጩ ኢንጂነር ወጣት ነው፤ የልጃቸው የሐያት እኩያ ቢሆን ነው። «መንገድ ላይ ዝናብ መታው» አላቸው።

«ዝናቡ የሙጫውን ትቶ የማጠንከሪያውን ብቻ መርጦ መታው?»

«ስማ፣ አንተ ቀቢ ነህ ወይስ ኬሚስት? ቀላቅለህ አፍስስ።»

አንተ! አባቱን የሚያክሉ ሰው! ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። እሳቸው ግን እንዳልሰሙ ሆነው ከሁለቱም ጣሳ ጥቂት ጥቂት ቀዱ፣ በፕላስቲክ ኩባያ አማሰሉና መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። «ነገ ጠንክሮ ካገኘሁት አፈሳለሁ» አሉ። በማግስቱ እንደነበረ ነው። በሦስተኛው ቀን ስንጥር ስናስገባበት ክር እየመዘዘ ይወጣል።

«ይሄ ማጠንከሪያ የዚህ ሙጫ አይደለም። ከሆነም ጊዜው አልፎበታል። አላፈስም» አሉ።

ምረቃው ቀርቦ ነበር። የጤና ጣቢያው ግንባታ የሚመለከተው ኃላፊ በየቀኑ ይመጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይሄዳል። ኢንጂነሩ ስልክ ልደውል ብሎ ወጣና ተመልሶ፣ «የኢሉባቦር ብርድ ነው ያዘገየው፤ በሳምንት ይደርቃል» አለ። ጋሼ ሽኩር መሣሪያቸውን በጆንያ ጠቅልለው ሚኒባስ ተሳፈሩ። በማግስቱ ኢንጂነሩ ከግንቡ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኞች ጠርቶ፣ በራሱ ትእዛዝ አስቀላቅሎ አስፈሰሰው። በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ ሽኩር በዚያ ሰዓት መቱ፣ ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ።

ወለሉ ሲያዩት ያምራል፤ አመድማ ሆኖ እንደ ውሃ ያበራል። ሲረግጡት ግን ጫማ ይይዛል። አዋላጃችን ሲስተር አለሚቱ ገብታ ስትወጣ አንድ እግር ጫማዋ እዚያው ተገትሮ ቀረ። ያን ቀን ስቀናል። ከሳምንት በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ዝንብና ትንኝ፣ አቧራ፣ የሠራተኛው ጫማ ዱካ ሁሉ ተለጠፈበት። ኢንጂነሩ ከሰል አስቀጣጥሎ ክፍሉን አሞቀ፤ ምንም። ኖራ ነሰነሰበት፤ ተቦካ። በመጨረሻ ከዚያው ጣሳ ሁለተኛ እጅ አስፈሰሰበት፤ ባልጠነከረ ነገር ላይ የማይጠነክር ነገር! ከዚያ ምረቃው ተላለፈ፣ ክፍሉም ታሸገ።

ጥቂት ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። ችግሩ የደረሰው «በወለል ባለሙያው የአደባለቅ ስህተት» ነው ይላል። ውሉ ላይ ያለው ባለሙያ ማነው? ሽኩር። ወለሉን ያፈሰሱት የቀን ሠራተኞችስ? ሌላ ወረዳ ሌላ ሥራ ተወስደዋል።

ጋሼ ሽኩር ደብዳቤው ደርሷቸው በዝናብ መጡ። የታሸገውን ክፍል አስከፍተው፣ ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ካርቶን አንጥፈው ተንበረከኩ። ከበሩ ጀምረው እስከ ማዶው ግድግዳ በየእርምጃው አውራ ጣታቸውን ይጫናሉ። እኔ ካርቶኑን ከኋላ እያነሳሁ ከፊት አነጥፍላቸዋለሁ።

«ልብ ብለሽ እዪ ሰናይት» አሉኝ። «እዚህ ጠንክሮ እዚያ ቢለሰልስ ኖሮ በደንብ ያላማሰለ ሰው ጥፋት ነው እል ነበር። ሥሩ ጠንክሮ ላዩ ብቻ ቅባት ቅባት ቢል እርጥበት ነው፤ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ይሄ ግን ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ዓይነት ነው፤ ላዩም ሥሩም። የሰው እጅ እንዲህ እኩል አይሳሳትም። ዕቃው ነው።»

«ብርድ ነው ይላሉ እኮ ጋሼ።»

«ብርድ ያዘገያል እንጂ ጨርሶ አይከለክልም። አንቺ ጋ የሚሞቅ ሳጥን አለ አይደል?»

ነበረኝ። በሰው ገላ ሙቀት ልክ የሚሞቅ፣ ለምርመራ የማንጠቀምበት አሮጌ ሳጥን። ሚዛንም ነበረኝ። ከሱቃቸው ወረቀቱ ያልተነካ፣ ከዚያው ሙጫ ጋር የሚሄድ ማጠንከሪያ ይዘው መጥተዋል። አራት ኩባያ አዘጋጀን። በሦስቱ ከተላጠው ጣሳ ማጠንከሪያ በልኩ፣ ከልክ በታችና ከልክ በላይ አደረግን። በአራተኛው የእሳቸውን። እኔ እመዝናለሁ፣ እሳቸው ያማስላሉ፤ ጎኑን ፍቀው፣ ታችኛውን ፍቀው፣ እኔ ሰልችቶኝ «በቃ ጋሼ» እስክላቸው ድረስ። ሁሉንም ሳጥኑ ውስጥ አስገባን። በማግስቱ ሦስቱ ያው እንደ ማር ናቸው። አራተኛውን ከኩባያው አውጥተው ሲሚንቶው ላይ ሲጥሉት እንደ ድንጋይ ነጠረ። ሙጫው ደህና ነው። ሙቀት አልጎደለም። ጥፋቱ የማጠንከሪያው ነው። ትክክለኛው የት እንደሄደ፣ በማን እጅ እንደተለወጠ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የጠየቀም የለም።

ኩባያዎቹን በትሪ ደርድሬ ስብሰባ ገባሁ። ጋሼ ሽኩር ቆመው አስረዱ። ቁጭ ይበሉ ያላቸው የለም። ኢንጂነሩ ስልኩን ይነካካል። ኃላፊው አንዱንም ኩባያ አልነካም።

«እኛ ጣት ለመቀሳሰር አይደለም የተሰበሰብነው» አለ። «ወደፊት መራመድ ነው ያለብን።»

ይህችን ንግግር ስንት ስብሰባ ላይ ሰምቻታለሁ! ወደፊት እንራመድ የሚለው ሁልጊዜ ዞር ብለን እንድናይ የማይፈልግ ሰው ነው። ትሪዬን ይዤ ወጣሁ። ጋሼ ሽኩር ኮሪደሩ ላይ በስልጥኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር እያጉረመረሙ ነበር።

ሐምሌ ገባ፣ ክፍሉ እንደታሸገ። አንድ ጠዋት ጫልቱ የምትባል ሴት በቃሬዛ መጣች። ባሏና ጎረቤቶቿ ተራ በተራ እየተሸከሙ፣ ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው ነው ያመጧት። ሕፃኑ በአግድሙ ነበር። ሲስተር አለሚቱ መርምራት ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ባለሙያ ተመድቦልን መጥቷል። መሣሪያው አለ። ማደንዘዣው አለ። መብራቱ አለ። የሌለው ወለል ነው። ዝንብ የተለጠፈበት፣ የማይታጠብ ክፍል ውስጥ የሰው ሆድ አይከፈትም። አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ሄዷል። በተገኘው ፒክአፕ አድርገን ወደ መቱ ላክናት። ጭቃ ያዛቸው። ጫልቱ ተረፈች። ልጇ መንገድ ላይ ሞተ።

ከሁለት ቀን በኋላ ባሏ ቃሬዛውን ሊወስድ ተመለሰ፤ የቀበሌው ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ቃሬዛ ነው። ጋሼ ሽኩር በዚያን ቀን እንደገና አቤቱታ ይዘው መጥተው ከእኔ ጋር ደጅ ቆመዋል። ሰውየው የታሸገው በር ፊት ቆሞ ቆየ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣

«ባልባሊ ኩን ማሊፍ ጩፈሜ?» አለ። ይህ በር ለምንድነው የተዘጋው?

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሼ ሽኩር ናቸው በኦሮምኛ የመለሱለት። ወለሉ ስላልጠነከረ ነው አሉት።

«ወለል ነው?» አለ ሰውየው።

ቃሬዛውን ትከሻው ላይ አድርጎ በዝናቡ ሄደ።

ጋሼ ሽኩር አቤቱታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በቀጥታ ወደ ኃላፊው ገቡ። ኢንጂነሩም እዚያው ነበር። ተከትያቸው ገባሁ።

«ትክክለኛውን ዕቃ አስመጡልኝ» አሉ። «አሮጌውን ፍቄ አዲሱን እሠራዋለሁ። ለድካሜ ምንም አልጠይቅም።»

ኢንጂነሩና ኃላፊው ተያዩ። «ይቻላል» አለ ኢንጂነሩ። «ግን ተቋራጩ ዕቃ የሚደግመው ነገሩ በቃለ ጉባኤ ከተዘጋ ነው። የባለሙያው ስህተት ነበር፤ ባለሙያውም ስህተቱን በፈቃዱ ለማረም ተስማምቷል። እንዲህ ተብሎ ይፈረም።»

እኔ መጮህ ጀመርኩ። «ማስረጃው እኮ አለ! ጋሼ፣ እንዳይፈርሙ! እኔ እመሰክራለሁ፤ እስከ ዞን እንሄዳለን።»

«ዞን ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እኔ እንጃ… ወር፣ ሁለት ወር…»

«በሁለት ወር ስንት ቃሬዛ ይመጣል?»

ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ኃላፊው ፈርሞ ብዕሩን ዘረጋላቸው፤ እሳቸውም ፈረሙ። ቀጥሎ የሠራተኞች ተወካይ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ተወካይዋ እኔ ነኝ። ብዕሩን አልነካም አልኩ።

ጋሼ ሽኩር ወደ እኔ ዞሩ። «ፈርሚ ልጄ። አንቺ ካልፈረምሽ ዕቃው አይመጣም።»

ፈረምኩ። ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ፣ ስሜን ከነአባቴ አስተካክዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ዕቃው በስድስተኛው ቀን መጣ። ለካ በስድስት ቀን ይመጣ ኖሯል! ይህን ሳስብ አሁንም ጥርሴን ነክሼ ነው። የታሸገው በር፣ የጫልቱ ልጅ፣ ያ ሁሉ ደብዳቤ፤ ስድስት ቀን።

ጋሼ ሽኩር ሥራውን የጀመሩት በመፋቅ ነው። «ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ላዩ አይጸናም፤ ሁሉም ይወጣል» አሉ። ጭምብልና ጓንት ከላብራቶሪ ሰጠኋቸው። በስፓቶላ፣ በጉልበታቸው እየዳሁ፣ ስንዝር በስንዝር አነሱት። ያ የሚጣበቅ ነገር ከስፓቶላው አይለቅ፣ ከጓንቱ አይለቅ። አንዳንዴ ቀና ብለው ወገባቸውን ይይዙና እንደገና ይጎነበሳሉ። ኢንጂነሩ አንድ ቀን በበሩ ብቅ ብሎ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ፍቀው ሲጨርሱ በቲነር ወለወሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ላስቲክ ለጥፈው አሳደሩት፤ በማግስቱ ሲገልጡት ከሥሩ አልቦታል። «እርጥበት አለው፤ እንጠብቃለን» አሉ። ኃላፊው ቢቆጣም ጠበቁ። ሦስት ቀን ፀሐይ ወጣ፤ ላስቲኩም ደርቆ ተነሳ። ያኔ ጣሳዎቹን ከፈትን። ትልልቁንም ትንንሹንም አነበብኩላቸው። መዘኑ፣ አማሰሉ፣ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጠው እንደገና አማሰሉ፣ አፈሰሱ። ባልዲው ጎን ላይ የቀረውን አላንጠፈጠፉትም።

በሦስተኛው ቀን ገብተው ከጥግ እስከ ጥግ ተጫኑት። አንድም አሻራ አልቀረም። ወጥተው ሲስተር አለሚቱን ጠሯት። «ግቢ ልጄ፤ እርገጪው» አሏት። ገባች፣ ረገጠች፣ ከዚያ እንደ ሕፃን መዝለል ጀመረች። በዚያው ሳምንት እዚያ ክፍል ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች።

ምረቃው ላይ ኢንጂነሩ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። ጋሼ ሽኩርን የጠራቸው የለም። መቱ ሄጄ ስነግራቸው ስለ ምረቃው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። «የወለደችው ደህና ናት?» ነው ያሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያንገበግበኝ። ወሬው መቱ ገባ፣ እስከ ሁሩሙ ከተማ ደረሰ። «የጤና ጣቢያውን ወለል ያበላሸው ሰውዬ» ተባሉ። አላጠፉም የሚል ሰው ቢገኝ እንኳ መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ባያጠፋ ኖሮ ለምን በነጻ ይጠግን ነበር?» ጥሩ ነገር መሥራታቸው ለጥፋታቸው ማስረጃ ሆነ! ሆቴል የሚያሠሩ ሰዎች ከጅማ ባለሙያ ማስመጣት ጀመሩ። በመቱ ከሁሉ በላይ ኢፖክሲ የሚያውቁት ሰው የመስኮት ፍሬም ሲቀቡ ዋሉ። እንናገር አልኳቸው፣ ስንት ጊዜ።

«ተይው» ይሉኛል። «አሁን ብትናገሪ ቃለ ጉባኤው ሐሰት ነው ይባላል፣ ክርክር ይነሳል፣ ክፍሉን ይዘጉታል።»

እኔም ተውኩት። እሳቸው የተዉት ለእናቶቹ ብለው ነው። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ መተው ስለቀለለኝ ጭምር ነው።

ለቅሶው ቤት የደረስኩት ሰዎች ከቀብር ሲመለሱ ነው። ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሐያት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ትከሻዬ ላይ ተደፋች።

«አባዬ እኮ ጎበዝ ነበር ሰኒ» አለች እያለቀሰች። «ያቺን አንድ ስህተት ባይሠራ ኖሮ…»

ልጃቸው ናት። ለእሷም አልነገሯትም።

«አልሠሩም» አልኳት። ከዚያ በጆሮዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ የተላጠውን ጣሳ፣ የቀን ሠራተኞቹን፣ ጫልቱን፣ ቃለ ጉባኤውን። እንባዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ፈረምኩ።»

ይዛው የነበረውን እጄን ለቀቀችው። «ታዲያ ለእኔ ምን ያንሾካሹክሻል?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ አይደል?»

ተነሳሁ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ተቀምጠዋል፤ ኃላፊውም በመኪና መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ከፊት ተቀምጧል። መሐል ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ ሽኩር ያንን ወለል አላበላሹም» አልኩ። «ሲፈስስ እንኳ እዚያ አልነበሩም። ቃለ ጉባኤው ሐሰት ነው። ከፈረሙት አንዷ እኔ ነኝ፤ አንዱ ደግሞ እዚህ ተቀምጧል።»

ኃላፊው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ «እህቴ፣ ሐዘን ላይ ነን። ይሄ ቦታው አይደለም» አለኝ።

«ቦታው የቱ ነው?» አልኩት። «ቢሮህ ማስረጃ ይዤ መጥቼ ነበር። አላየኸውም።»

ኃላፊው ግራ ቀኙን አየ፤ ፊቱን ወደ እሱ የመለሰ የለም። የመኪና ቁልፉን አንስቶ ወጣ፤ የሸኘውም የለም። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነኝ፤ ልቀመጥ ልውጣ አላወቅኩም። ያኔ ከፊት የነበሩ አንድ ጠምጣሚ አዛውንት እሱ ለቆት ወደሄደው ወንበር አመለከቱኝ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ሁላችንም እንድንሰማው ጮክ ብለሽ ንገሪን።»